የከተማችን ፖሊስ ዕቅዱን አሳክቷል? ሪፖርቱን ከመዝገቡ ጋር የማመሳከሪያ መንገድ

ስልኬን መናኸሪያ በር ላይ ወሰዱብኝ። ሻንጣዬን ለረዳቱ ሳቀብል አንዱ ከኪሴ አውጥቶ ሮጠ። ጀርባውን አይቻለሁ፤ የለበሰው ጃኬት እስከዛሬ ትዝ ይለኛል። ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ወጣት ነው፣ ጨዋም ነው። «ጋሼ፣ ሲሙን ለማውጣት ነው አይደል? ‹ጠፋብኝ› ብለው ያመልክቱ፤ ማስረጃው ቶሎ ይደርስልዎታል» አለኝ። መንገደኛ ነበርኩ፣ ቸኩያለሁ። «ጠፋብኝ» ብዬ ፈረምኩ።

ወራት አለፉ። ጥር ላይ የከተማው ምክር ቤት ተሰብስቦ የግማሽ ዓመቱን ሪፖርት ሰማን። ስርቆት ከዕቅዱ በላይ ቀንሷል ተባለ። አጨበጨብን፤ እኔም አጨበጨብኩ። ነገሩ የከነከነኝ ወደ ቤት ስመለስ ነው። የእኔ ስልክ እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። እንደኔ «ጠፋብኝ» ብሎ የፈረመው ሰው ስንት ይሆን?

ያን ጊዜ ፍትሕና ጸጥታን በሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ የፖሊስ ሪፖርት የማነብበት መንገድ ተለወጠ። እዚህ የምጽፈው በጊዜ ሂደት የለመድኩትን አሠራር ነው። ለምክር ቤት አባላት፣ ለፕላን ባለሙያዎች፣ ለማኅበራት ሰዎችና ጉዳዩ ለሚያሳስበው ነዋሪ ይሆናል። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያለ ማንኛውም የጎጃም ከተማ በአቅሙ ሊሠራበት ይችላል። ኮምፒውተር ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ባለመስመር ደብተርና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

1. ዕቅዱን በጊዜ እጃችሁ አስገቡ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ብዙዎቻችን የፖሊስን ዕቅድ መጀመሪያ የምናየው ከሪፖርቱ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ተጎራብቶ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ግቡ ሲጀመር ስንት እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ዓመቱ መሃል ላይ «ተከልሶ» ዝቅ ያለ ግብ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ በሐምሌ፣ ቢዘገይ በነሐሴ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ውሰዱና የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉበት።

የምክር ቤት አባል ከሆናችሁ በኮሚቴው በኩል ይመጣል። ነዋሪ ከሆናችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ የመንግሥት አካል ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡና ቁጥሩን ያዙ።

የማይጠየቅም ነገር አለ። የጥበቃ ስምሪት፣ የመረጃ ሰጪ ማንነት፣ በምርመራ ላይ ያለ መዝገብ ይዘት፣ የተጎጂ ስም አትጠይቁ። በተለይ አሁን ባለንበት የጸጥታ ሁኔታ «የት ቦታ ስንት ፖሊስ ይቆማል» ብሎ መጠየቅ ለጠያቂውም ለፖሊሱም አደጋ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ድምርና ቀን ብቻ ነው።

ዕቅዱ እጃችሁ ሲገባ ከእያንዳንዱ ግብ ጎን ሦስት ነገር ጻፉ። መነሻው ስንት ነው? ግቡ ስንት ነው? ክንውኑ ከየትኛው መዝገብ ይወሰዳል? ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ባዶ ይሆናል። «የኅብረተሰቡን የጸጥታ ግንዛቤ ወደ 85 በመቶ ማድረስ» የሚል ግብ ካያችሁ፣ 85ቱ በምን እንደሚለካ ሐምሌ ላይ ጠይቁ። መለኪያ ካልተገኘለት ከክትትላችሁ ዝርዝር አውጡትና ያወጣችሁበትን ምክንያት ጻፉ።

2. የድካሙን ግብ ከፍሬው ለዩ

የፖሊስ ዕቅድ ረጅም ነው። አርባና ሃምሳ ግብ ሊኖረው ይችላል። አብዛኛው ግን የሥራ ብዛት ነው፦ ይህን ያህል መድረክ ማካሄድ፣ ለዚህን ያህል ተማሪ ትምህርት መስጠት፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ውይይት ማድረግ። ይህ የተናቀ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሃምሳ መድረክ ተካሂዶም መናኸሪያው በር ላይ ኪስ ሊወለቅ ይችላል።

ከዝርዝሩ ስምንት ወይም አሥር ብቻ ምረጡ። እኔ ብመርጥ እነዚህን እይዛለሁ፦ ግድያ፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ስርቆትና ውንብድና፣ በሴቶችና በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃት፣ የትራፊክ ሞትና ከባድ ጉዳት፣ ተጣርቶ ለዐቃቤ ሕግ የተላከ መዝገብ፣ ጥሪ ደርሶ ፖሊስ ቦታው እስኪደርስ የወሰደው ጊዜ፣ በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት የቀረበ ታሳሪ፣ በፖሊስ አባላት ላይ የቀረበ አቤቱታና የተሰጠው ምላሽ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በዕቅዱ ውስጥ ከሌሉ እንዲገቡ ጠይቁ።

3. በቃላቱ ተስማሙ

ይህን ሰው ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት። ከኃላፊው ጋር ከተፈጠሩት ክርክሮች ብዙዎቹ ስለ ቁጥሩ ሳይሆኑ ቁጥሩ ምን ይዟል ስለሚለው ነበሩ።

ከሰዓታችን እንጀምር። ሰኔ 30 ምሽት መጠጥ ቤት ውስጥ ጠብ ተነሳ፤ ሰው የተወጋው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው እንበል። ድርጊቱ በየትኛው ቀን ይመዘገባል? አንዱ ተረኛ ሌሊቱን ካመሸው ቀን ጋር ይቆጥረዋል። ሌላው በነጋው ይጽፈዋል። እዚህ ላይ ልዩነቱ የአንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ የበጀት ዓመት ልዩነት ነው። አንዱን ምረጡ፣ ጻፉት፣ ሁሉም ጣቢያ እንዲይዘው አድርጉ።

ጳጉሜንም አለች። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜንና መስከረም ነው፤ 95 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 96። ሌሎቹ ሩቦች 90፣ 90 ቀን ናቸው። ምንም ሳይለወጥ ሁለተኛው ሩብ ከመጀመሪያው 5 በመቶ ያህል ያነሰ ቁጥር ያሳያል። ሩብን ከሩብ ስታነጻጽሩ ድምሩን ለቀኑ ብዛት አካፍሉ። የተሻለው ግን ያንኑ ሩብ ካለፈው ዓመት ያንኑ ሩብ ጋር ማየት ነው፤ ጥምቀቱም፣ የጥር ሠርጉም፣ የክረምቱ ጭለማም እኩል ይሆናል።

የትራፊክ ሞት ለጎጃም ከተሞች ልዩ ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባ መንገድ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን እያለ ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። የጭነት መኪና፣ ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ። አንድ ሰው ቡሬ ላይ ተገጨ፤ ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ተላከ፤ በስድስተኛው ቀን አረፈ። የከተማው መዝገብ ላይ አሁንም «ከባድ ጉዳት» ሆኖ ሊቀር ይችላል። በዓለም አቀፍ ልማድ በአደጋው ምክንያት እስከ 30 ቀን ውስጥ የሞተ ሰው እንደ ትራፊክ ሞት ይቆጠራል። ይህን ከፖሊስ ጋር ተስማሙና በየወሩ የተላኩ ሰዎችን መጨረሻ የሚጠይቅ አንድ ሰው መድቡ። ሁለትና ሦስት የስልክ ጥሪ ነው።

ቀጥሎ ድርጊትና ተጎጂን ለዩ። አንድ ሌሊት ሦስት ሱቅ ተሰብሮ ቢገኝ አንድ ነው ወይስ ሦስት? በመጨረሻም የወንጀሉ ስም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ስርቆት በአንቀጽ 665፣ ውንብድና በአንቀጽ 670 ተለይተው ተቀምጠዋል። ጉልበት ወይም ማስፈራራት ከነበረበት ውንብድና ነው። ውንብድናው በመዝገብ ላይ ስርቆት፣ ስርቆቱ ደግሞ «ጠፋብኝ» ሲሆን ከተማው በወረቀት ላይ ሰላም ይሆናል።

4. መዝገቡን ክፈቱ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ለሌሎቹ ሁሉ ግማሽ ቀን ከሰጣችሁ ለዚህ ሁለት ቀን ስጡት።

ኮሚቴው ደብዳቤ ጽፎ፣ ቀን አስይዞ፣ ሦስት ሆኖ ይሂድ። ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን። የምትፈልጉት የዕለት ሁኔታ መዝገብ፣ የምርመራ መዝገብ መከታተያ፣ የታሳሪ መዝገብና ለጠፋ ዕቃ የተሰጠ ማስረጃ ቀሪ ነው። ስም አትገልብጡ። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓትና የጉዳዩን ዓይነት ብቻ ያዙ።

በሁለት አቅጣጫ ትሄዳላችሁ። የመጀመሪያው ከሪፖርቱ ወደ መዝገቡ ነው። ሪፖርቱ በሩብ ዓመቱ ይህን ያህል መዝገብ ተጣርቶ ለዐቃቤ ሕግ ተልኳል ካለ፣ ያንኑ ቁጥር ከዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ገቢ መዝገብ ላይ ቁጠሩ። ልዩነት ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ለተጨማሪ ምርመራ ተመልሶ እንደገና የተላከ መዝገብ ሁለቴ ተቆጥሯል። ክፋት የለበትም፤ ግን ይታረም።

ሁለተኛው አቅጣጫ ከከተማው ወደ መዝገቡ ነው። ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው፤ ብዙ የሚያሳየው ግን እሱ ነው። ፖሊስ የማይጽፈውን ምንጭ ፈልጉ። የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በስለት ወይም በጥይት ተጎድተው የመጡ ሰዎችን ይመዘግባል። ስም ሳትጠይቁ የወሩን ድምር ብቻ ውሰዱ። ሆስፒታሉ 14 ቆጥሮ ፖሊስ 6 ከጻፈ የምትነጋገሩበት ነገር አግኝታችኋል። ከገጠር የመጡ ቁስለኞች ሊኖሩበት ስለሚችል ቀበሌውን ለዩ፤ አለዚያ ከተማውን ባልሠራው ትከሱታላችሁ።

አሁን ወደ «ጠፋብኝ» ልመለስ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ስል የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ስሌቱ ግን ይሠራል።

ባለፈው ዓመት ግማሽ 240 ስርቆት ተመዝግቦ ነበር እንበል። ዘንድሮ 180 ሆነ። ቅናሹ 25 በመቶ ነው፤ ግቡ 15 ስለነበር «ከዕቅድ በላይ» ተባለ። የጠፋ ስልክ ማስረጃ ቀሪውን ስትቆጥሩ አምና 310፣ ዘንድሮ 420 ሆኖ አገኛችሁት። ከ420ው በየ14ኛው አንድ እየመረጣችሁ 30 አውጡ። ከአምናውም በየ10ኛው 30 አውጡ። በኮሚቴው ስም ደውሉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ስልኩ ወድቆብዎት ነው ወይስ ሰው ወስዶብዎት?»

ከዘንድሮዎቹ 12ቱ «ወሰዱብኝ» አሉ እንበል፤ 40 በመቶ ነው። ከአምናዎቹ 9ኙ፤ 30 በመቶ። የ420 አርባ በመቶ 168 ነው። የ310 ሠላሳ በመቶ 93 ነው። ዘንድሮ 180 ሲደመር 168፣ 348 ይሆናል። አምና 240 ሲደመር 93፣ 333 ይሆናል። ቅናሽ የተባለው ጠፋ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሠላሳ ሰው ጥቂት ነው። ከዚህ ተነስታችሁ «ስርቆት ጨምሯል» ማለት አትችሉም። የምትችሉት «25 በመቶ ቀንሷል የሚለው አልተረጋገጠም» ማለት ነው። ይኸው ብቻውን ከሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ለማስነሳት ይበቃል።

ያንን ተረኛ ዛሬም አልወቅሰውም። እኔን ሊረዳኝ ነው የፈለገው። ስርቆት ብሎ ቢመዘግብ ምርመራ ይከፈታል፣ ቃል ይሰጣል፣ ምስክር ይጠራል፤ እኔ ደግሞ መንገደኛ ነኝ። ከዚያ በላይ ግን ጣቢያው ስርቆትን በመቶኛ እንዲቀንስ ግብ ተሰጥቶታል። የሚመዘገበው በበዛ ቁጥር ጣቢያው ይወቀሳል። እንዲህ ያለ ግብ ባለበት፣ ማንም ክፉ ሳያስብ ቁጥሩ በራሱ ይደርቃል።

5. ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩ

በሪፖርቱ ላይ ያለውን መቶኛ አትቅዱ። ጥሬ ቁጥሩን ወስዳችሁ ራሳችሁ አካፍሉ።

የማጣራት ምጣኔ ላይ ቶሎ ትደርሱበታላችሁ። ዘንድሮ 200 መዝገብ ተከፈተ፣ ከአምና 100 ተሻገረ፣ 190 ተጣርቶ ተላከ እንበል። 190ን ለ200 ካካፈላችሁ 95 በመቶ ነው። ለ300 ካካፈላችሁ 63 በመቶ ነው። ሁለቱም በሒሳብ ልክ ናቸው። እውነተኛው ሥራ ግን ሁለተኛው ላይ ነው የሚታየው፤ የተሻገሩት መቶዎቹም ባለቤት አላቸው። ከተሻገሩት ውስጥ ከስድስት ወር በላይ የቆዩት ስንት እንደሆኑ ለብቻ ጠይቁ።

በአነስተኛ ከተማ የግድያ ቁጥር አነስተኛ ነው። ከ4 ወደ 6 ሲሄድ «50 በመቶ ጨመረ» ይባላል፣ ከ6 ወደ 4 ሲመለስ «33 በመቶ ቀነሰ»። መቶኛውን ተዉት። ስድስቱን አንድ በአንድ ተወያዩባቸው፤ በቂም ነው? በመሬት ነው? በመጠጥ? በቤት ውስጥ? ቢቻል የአምስት ዓመቱን ቁጥር ጎን ለጎን ደርድሩ።

ለሕዝብ ብዛት ስታካፍሉ ደግሞ የምታካፍሉበትን ቁጥር ጠርጥሩ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ 62,497 ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው አድጓል፣ ኮንዶሚኒየሙ ተሠርቷል፣ ከገጠር ብዙ ሰው ገብቷል። በአሮጌው ቁጥር ካካፈላችሁ ከተማው የወንጀል ጎሬ ይመስላል፤ ከፍ ባለ ግምት ካካፈላችሁ ገነት ይሆናል። አንድ ግምት ምረጡና በየዓመቱ ያንኑ ተጠቀሙ። ተማሪ ባለበት ከተማ ተማሪው የሚወጣበትንና የሚገባበትን ወር ምልክት አድርጉ።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ያሉትን ወራትም እንዲሁ። ክልሉ ያለፈበት ግጭት ቁጥሩን ሁሉ ነክቶታል። ሰዓት እላፊ ባለበት ወር የምሽት ስርቆት ቢቀንስ የፓትሮሉ ፍሬ ነው ማለት አይቻልም። መንገድ በተዘጋበት ወር ሰው ጣቢያ ድረስ መጥቶ ማመልከት አልቻለም። ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ ጥሪም የለም። እነዚህን ወራት በደብተራችሁ ላይ በሌላ ቀለም ጻፏቸው እንጂ ከሰላሙ ወር ጋር አታሰልፏቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። አጠቃላይ አማካይ አትቀበሉ። የግንዛቤ መድረክ 200 በመቶ፣ የትራፊክ ሞት ቅነሳ ዜሮ በመቶ ሆኖ ሲደመርና ለሁለት ሲካፈል መቶ በመቶ ይወጣል። ከመቶ በላይ የሄደውን መቶ ላይ አቁሙና እያንዳንዱን ግብ ለብቻው አንብቡ።

6. ታሳሪውን በሰዓት ቁጠሩ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከዚህ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። «ቅዳሜና እሁድ ስለነበረ» የሚል ቃል አንቀጹ ውስጥ የለም።

ከታሳሪ መዝገብ 30 ሰው በተራ ቁጥር ምረጡ። የተያዘበትን ሰዓት ከአንዱ ዓምድ፣ ፍርድ ቤት የቀረበበትን ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ውሰዱ። ሰዓት ካልተጻፈ «ያልታወቀ» በሉና ለብቻ ቁጠሩት፤ ያልታወቀው መብዛቱ ራሱ ግኝት ነው። ዓርብ ከሰዓት የተያዙትን ደግሞ ለይታችሁ እዩአቸው።

እዚህ ላይ ግቡ 90 ወይም 95 በመቶ ተብሎ ካያችሁት ተቃወሙ። ስርቆትን በከፊል መቀነስ ይቻላል። የሰውን መብት በከፊል ለማክበር ግን ዕቅድ አይወጣም። ቀሪዎቹ አምስቱ ሰዎች የማን ልጆች ናቸው?

7. ነዋሪውን ጠይቁ

መዝገብ የሚነግራችሁ ጣቢያ የደረሰውን ነው። በእኛ አገር ብዙ ነገር ጣቢያ አይደርስም። ድሮ በሬ ሲሰረቅ አገሬው አውጫጭኝ ተቀምጦ ሌባውን ያወጣ ነበር። ዛሬም ጠቡን፣ ጉዳቱን፣ አንዳንዴ ደሙን ሳይቀር ሽማግሌ ይይዘዋል። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ግን ፖሊስ የማያውቀው ወንጀል እንዳለ መቁጠር አለባችሁ።

ከየቀበሌው በዕጣ ቤት ምረጡ፤ በአነስተኛ ከተማ 200 ቤት ጥሩ ጅምር ነው። ጥያቄው አራት ይሁን። ባለፉት 12 ወራት ቤትዎ ወይም ቤተሰብዎ ላይ ስርቆት፣ ንጥቂያ ወይም ድብደባ ደርሷል? ለፖሊስ አመልክተዋል? ካመለከቱ ተመዘገበልዎ? ካላመለከቱ ለምን? አራተኛው ላይ ዝም ብላችሁ አድምጡ። «ምን ያደርጉልኛል ብዬ» እና «ተመላልሼ ሰለቸኝ» ብዙ ትሰማላችሁ። «በሽማግሌ ጨረስነው» ደግሞ የተለየ መልስ ስለሆነ ለብቻው ይጻፍ።

ሴቶችን ሴት ትጠይቅ፤ ባል ወይም ወንድም በሌለበት። የቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳይ በእንግዳ ፊት አይወጣም። እንዲህ ያለውን ነገር ስትጠይቁ የት መሄድ እንደምትችል የሚናገር መረጃ ይዛችሁ ሂዱ፤ አስከፍታችሁ ትታችኋት አትውጡ። የቤቱን ቁጥርና ስም ከመልሱ ጋር በአንድ ወረቀት አታስቀምጡ።

እድር ላይ መጠየቅ ይቀልላል የሚሉ አሉ። ይቀልላል። ግን እድር ውስጥ ተከራይ ተማሪ የለም፣ የቀን ሠራተኛ የለም፣ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የለችም። ብዙ ጊዜ የሚዘረፉት እነሱ ናቸው።

8. ከኃላፊው ጋር ቁጭ በሉ

ግኝታችሁን መጀመሪያ ምክር ቤት ላይ አታፍርጡ። ከአሥር ቀን በፊት ለፖሊስ ኃላፊው በጽሑፍ ስጡትና አብራችሁ ተቀመጡ። እኔ የተቀመጥኩት በዕድሜ ከሚያንሰኝ ኮማንደር ጋር ነበር። ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ይህን የስርቆት ቅነሳ ግብ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ከላይ ወርዶ ነው የደረሰኝ። ለሁሉም ከተማ አንድ ነው።» እውነቱን ነበር። ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ከተማ ሲወርድ ግቡ የከተማውን መልክ አያይም። ባሕር ዳርና ቢቸና አንድ ዓይነት መቶኛ ሊደርሳቸው ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ዓይነት ምክንያት ለዩ። ፖሊሱ በራሱ ሊያስተካክለው የሚችል አለ፤ አመዘጋገብ፣ ሰዓት አጻጻፍ፣ የተረኛ አቀባበል። ከተማ አስተዳደሩ የሚፈታው አለ፤ የመንገድ መብራት፣ ነዳጅ፣ የመናኸሪያ ሥርዓት፣ የእግረኛ ማቋረጫ። ከሁለቱም በላይ የሆነ አለ፤ ግጭት፣ ሥራ ማጣት፣ ከላይ የወረደ ግብ። የመጀመሪያውን ከኃላፊው፣ ሁለተኛውን ከከንቲባው ጠይቁ። ሦስተኛውን በደብዳቤ ወደ ላይ ላኩ። የፓትሮሉ መኪና ነዳጅ አጥቶ ሁለት ወር ቆሞ ከሆነ ፖሊሱን ለምን ዘገየህ ማለት ግፍ ነው።

ከዚያ በተፈረመ ቃለ ጉባኤ ይለቅ፦ ምን ይስተካከላል፣ ማን ያስተካክላል፣ እስከ መቼ። ከአምስት ነጥብ አይብለጥ። እኛ ከጻፍናቸው አንዱ ይህ ነበር፦ ለጠፋ ስልክ ማስረጃ የሚሰጥ ተረኛ «ወድቆብዎት ነው ወይስ ተወስዶብዎት?» ብሎ ይጠይቅ፤ ተወስዶብኝ ካለ ዕለት ሁኔታ ላይ በስርቆት ይመዝግብ፣ ማስረጃውንም በዚያው ሰዓት ይስጥ። ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ጥያቄና አንድ መስመር ነው።

ለኮማንደሩም አንድ ቃል ገባንለት። በዚህ ምክንያት የስርቆት ቁጥር ከፍ ቢል ምክር ቤቱ እንደ ውድቀት አይቆጥርበትም፤ አዲሱ ዓመት እንደ አዲስ መነሻ ይያዛል። ይህን ቃል ሳትሰጡ አመዘጋገብ አስተካክል ብትሉት፣ ራሱን በራሱ እንዲከስስ መጠየቃችሁ ነው።

ቀጠሮዎቹን አሁኑኑ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ሐምሌ ላይ ዕቅዱን መቀበል። ጥቅምት፣ ጥር፣ ሚያዝያና ሐምሌ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ጥሬ ቁጥሩን መውሰድ፤ በሁለተኛው ሳምንት መዝገብ መክፈት። የነዋሪውን ጥያቄ በዓመት አንዴ፣ በግንቦት፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋ። የጥር ስብሰባ ላይ ስትገቡ የጥቅምቱን ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ግቡ፤ ሪፖርቱ ከመነበቡ በፊትም የጠፋ ስልክ ማስረጃ ቀሪው ስንት እንደደረሰ ጠይቁ።